ጭስ የሌለበት ምስል

ግንቦት አሥራ ሁለት ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃምሳ ላይ፣ ከቆቦ በስተምሥራቅ ያለው የዞብል ተራራ የደን ቃጠሎ በምከታተልበት ኮምፒውተሬ ላይ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። ጭስ የለም፤ እሳት መኖሩን የሚያመለክት ቀይ ነጥብም የለም። ሳተላይቱ ምስሉን ያነሳበት ሰዓት ግርጌው ላይ ተጽፏል፦ 10:38።

ስልኬ ጠራ። ሙሚና ነበረች፤ ተራራው ላይ አሥራ አራት ቀፎ የሰቀለች ሴት። ጭስ ስታይ እንድትደውል ቁጥሬን የሰጠኋት እኔ ነኝ።

«ሄኖክ፣ ከዋሻው በላይ ጭስ ወጥቷል። ገና ገመድ ነው የሚያህል። ሰዉ የእሳት መምቻ ቅጠል ቆርጦ ሊወጣ ነው።»

«እትዬ ሙሚና፣ ተራራው እፊቴ ነው። ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በፊት የተነሳ ምስል ነው። ምንም የለም።»

«እኔ የማየውሳ?»

«አቧራ ይሆናል። ነፋሱ ከአፋር በኩል ነው።»

የስልኩን ድምፅ ሁሉም እንዲሰማ ከፍ አድርጋው ኖሯል። ጎረቤቷ ኢብሮ ሲስቅ ሰማሁት። «ከሰማይ ያየ ይበልጣል! በሉ ግቡ! ሙሚና፣ አንቺም ዓይንሽን ተኳይ እንግዲህ!»

ሰዎቹ ቅጠላቸውን ጥለው ገቡ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ነበልባሉ ከመንደሩ ታየ። ተሯሩጠው ሲወጡ እሳቱ ሸለቆውን ተሻግሮ ነበር። ዜናውን ስሰማ ያንኑ ምስል መልሼ ከፈትኩ። ቀና ስል ከኮምፒውተሩ በላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየሁ፦ «ከሳተላይቱ ሰዓት ሦስት ይቀነስ።» የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። ሳተላይቱ የሚጽፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ 10:38 በእኛ ሰባት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ነው። ሙሚና እሳቱን ስታይ፣ እኔ የማየው ከሦስት ሰዓት በፊት የነበረውን ተራራ ነበር።

በማግስቱ ምስል ላይ ጭሱ ዋጃ ከተማ ደርሷል። ርዝመቱን ለካሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር። ሪፖርቱ ላይ «ጥቆማው ዘግይቶ ደርሷል» ብዬ ጻፍኩ። ያ ዓረፍተ ነገር አንድ ቀን ሙሉ እንደዚያው ተቀመጠ።

በሦስተኛው ቀን በባጃጅ ሄድኩ። ሙሚና የተቃጠሉ ቀፎዎችን በእንጨት ታገላብጥ ነበር። አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝ።

«ይቅር በለኝ፣ ሄኖክ። ደግሜ መደወል ነበረብኝ። አቧራ ነው ስትለኝ በዓይኔ አፈርኩ።»

መሬት መሬት እያየሁ የሰዓቱን ነገር ነገርኳት። እስክጨርስ አዳመጠችኝ።

«ለእኔ ብቻ?» አለች። «የተሳቀብኝ እኮ ሰዉ ፊት ነው።»

ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ መስጊዱ በር ላይ ለተሰበሰበው ሰው ነገርኩ። ኢብሮ እንኳ አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

ሪፖርቱ ተስተካክሏል፦ «ጥቆማው በጊዜው ደርሷል፤ ሰዎቹን ያስቀረሁት እኔ ነኝ።» የተቃጠለው ስልሳ ሦስት ሄክታር ነው። ከአሥራ አራቱ ቀፎ ዛሬ ንብ ያለው ሁለቱ ነው።