ክር የታሰረበት ወንዝ

ነጭ ጋቢ፣ በጥቁር ድንጋይ ላይ።

ከሩቅ ሲያዩት የፈሰሰ ወተት ይመስል ነበር... በዶቄ ወንዝ ዳር፣ በበለጡ ድንጋይ ላይ፣ ፀሐይ እየጠጣ የሚደርቅ ነጭ ጋቢ።

ልብስ አጣቢ ናት እትዬ በለጡ። ሃያ ሁለት ዓመት በእንዶድ አሽታ፣ በእግሯ ረግጣ፣ በዶቄ ውሃ አለቅልቃ የሰፈሩን ሸማ ስታነጣ የኖረች። የአንዱ ከአንዱ እንዳይምታታባት በየጠርዙ ክር ታስራለች፤ ለአቶ ደለለኝ ቀይ፣ ለቄሱ ቢጫ፣ ለነገረኛዋ ጎረቤቷ ጥቁር። ለምን ጥቁር እንደሆነ ጎረቤቲቱ እስከ ዛሬ አልጠየቀችም። መልሱን ሳታውቀው አልቀረችም።

አደራ ነው የሰው ልብስ።

አንድ ክረምት ጎርፍ ነጠላ ነጠቃት። ጎርፍ ወሰደው አላለችም። ጥጥ ፈትላ፣ አሸምና፣ ክሩን አስራ ለነጠላው ባለቤት መለሰች።

አደራ ነው የሰው ልብስ...

ከዚያ ከላይ፣ ከመታጠፊያው ማዶ፣ ቆዳ ፋብሪካ ተተከለ። መጀመሪያ ሽታው መጣ። ቀጥሎ አረፋው መጣ። ቀጥሎ ዓሣው ሆዱን ወደ ሰማይ ገልብጦ መጣ። በመጨረሻ ቀለሙ መጣ፤ ሰማያዊ ያልሆነ፣ አረንጓዴም ያልሆነ፣ ስም ያልወጣለት ቀለም።

ነጭ ሆኖ ገባ ወደ ውሃው የአቶ ደለለኝ ጋቢ። ያንን ቀለም ለብሶ ወጣ። በእንዶድ አሸችው። በፈላ ውሃ ዘፈዘፈችው። ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣችው። እምቢ አለ።

እሷም እምቢ አለች። ከሳጥኗ የሟች ባሏን ጋቢ አወጣች፤ ሁለቴ ብቻ የተለበሰውን... ቀይ ክር አስራ ለአቶ ደለለኝ ሰጠችው።

"ኧረ በለጡ፣ ይሄ የኔ አይደለም!"

"አሁን ያንተ ነው። ዝም ብለህ ልበስ።"

የተበላሸውን ለራሷ አስቀረች። በለጡ ስትናደድ ዝም ትላለች፤ ዝም ስትል ደግሞ ሰፈሩ ይጨነቃል። ያን ሰሞን ዝም አለች።

ሐሙስ ነበር። ጋቢውን በብብቷ፣ የዶቄን ውሃ በሃይላንድ ይዛ ወደ አካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ሄደች። በሃይላንዱ አንገት ላይ ነጭ ክር አስራለች፤ የሁሉም ቤት ምልክት ይሁን ብላ።

ኃላፊው አቶ ልሳኑ ጨዋ ሰው ናቸው። ቁጭ ይበሉ ማለት ያውቁበታል፤ ቶሎ ማስነሣትም ያውቁበታል። በለጡ ጋቢውንና ውሃውን አሳየቻቸው፤ ፋብሪካው ይከሰስልኝ አለች።

"ይኸውልዎ እናቴ፣ ወንዙ የእርስዎ አይደለም። የመንግሥት ነው። የእርስዎ ባልሆነ ነገር አይካሰሱም።"

"መንግሥት ዘንድ ማን አስቀመጠው? እኛ። አደራ ነው ጌታዬ! እኔ ጎርፍ ለወሰደው ነጠላ እጠየቃለሁ፤ እርስዎ ለወንዝ አይጠየቁም?"

አቶ ልሳኑ ፈገግ አሉ። ትንሽ ቀለም ነው አሉ። ሃይላንዱን አደራ ብላ ጠረጴዛቸው ላይ ትታ ስትወጣም ጽዳት ሠራተኛዋን ዘርፌን ጠርተው፣ ያንን ውሃ አበባው ላይ ድፊው፣ አይባክን አሏት። ቆጣቢ ናቸው።

አበባው ጽጌረዳ ነበር። በረንዳው ላይ፣ በቆርቆሮ ተተክሎ፣ በገዛ እጃቸው ያሳደጉት።

ሐሙስ ነበር፣ ሁለተኛው። "አደራዬን ልወስድ ነው" አለች በለጡ። ሌላ ቀን ነይ ተባለች። ጽጌረዳው ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል።

ሐሙስ ነበር፣ ሦስተኛው። "አደራዬን ልወስድ ነው።" ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለች። ጽጌረዳው አንገቱን ደፍቷል...

ሐሙስ ነበር፣ አራተኛው። ብቻዋን አልመጣችም። ከወንዙ ግርጌ ቆስጣ የሚያበቅሉት መጡ። ላም የሞተችባቸው መጡ። ባለጥቁር ክሯ ጎረቤትም መጣች፤ ለነገር ተጠርታ የምትቀር ሴት አይደለችም። ያ ቀለም የነካውን ሁሉ ይዘዋል... አንሶላውን፣ ነጠላውን፣ የሕፃን መታቀፊያውን። አንድ በአንድ ሰቀሉት፣ በጽሕፈት ቤቱ አጥር ላይ። በለጡም ጋቢዋን ሰቀለች።

አቶ ልሳኑ ወጡ። አጥሩን አዩ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ቆርቆሮው ሄደ። ደረቅ እንጨት ብቻ ቆሞበታል።

"ዘርፌ፣ ይሄን ምን አጠጣሽው?"

"ያሉኝን ነዋ! ያን ባለክሩን ሃይላንድ።"

ማንም አልሳቀም። ነገረኛዋ ብቻ፣ ትንሽ።

በለጡ ጠጋ አለች።

"ወንዙ የኔ ካልሆነ የእርስዎ ነው። የእርስዎ ከሆነ ይክሰሱልን። ካልከሰሱም ሐሙስ አያልቅም፤ እኛም አንደክም።"

ደረቁን እንጨት ከቆርቆሮው ነቀሉ አቶ ልሳኑ። ከዚያ ባዶ ሃይላንድ አስመጡ፤ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ሰዉን አስከትለው ዶቄ ወረዱ። ከፋብሪካው ቱቦ ሥር ራሳቸው ቀዱ። ሽታው አስነጠሳቸው። ዘወር ብለውም፣ ቀስ ብለው፣ "እትዬ በለጡ... ክር ይኖርዎታል?" አሉ።

ነበራት።

በማግስቱ ክሱ ተጻፈ። ከሳሽ፦ ስለ ዶቄ ወንዝ፣ ባለአደራው ጽሕፈት ቤት።

ዶቄ ገና አልጠራም። ፋብሪካውም ጠበቃ ይዟል። ሌላው ሰው ልብሱን ከአጥሩ አውርዷል፤ በለጡ አላወረደችም። አውርጅው ሲሏት፣ ወንዙ ሲጠራ አጥቤው እወስደዋለሁ ትላለች። ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች፤ ክሩን ታጠብቃለች፤ አደራዬስ ትላለች።

አደራ ነው ወንዙ...

ቀለም የነካው ጋቢ፣ በመንግሥት አጥር ላይ። ከሩቅ ሲያዩት፣ ነፋስ ሲነሣ፣ ባንዲራ ይመስላል።