ቆቅ አልወርድም አለ

ከጠፈር መርከብ ማረፊያ ጣቢያው የተላከው መኪና ደጃፉ ላይ ጥሩንባውን ሲያምባርቅ፣ እማማ ምድጃው መጥፋቱን ለሦስተኛ ጊዜ እያዩ ነበር። በአንድ እግራቸው ጫማ፣ በሌላው ነጠላ ጫማ እንዳጠለቁ ወጡ። የልጅ ልጃቸው የጠፈር መርከብ ሜካኒክ ናት፤ የምትመለሰው ዛሬ ነው።

«ምን ሆነች? ከደበቅኸኝ እዚሁ ነው ክልትው የምለው!»

«ደህና ናት እማማ» አለ ሾፌሩ። «መርከቡ ነው አልወርድም ያለው።»

መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ሰው ሁሉ ቆሞ ይጯጯኻል። ዋና መሐንዲሷ እየሮጠች መጥታ ክንዳቸውን ያዘች።

«መርከቡን የሚነዳው ቆቅ ነው። ያውቁታል አይደል?»

እንዴት አያውቁት! የጣቢያው ደንብ ነው፤ ሰው ሠራሽ አንጎል መርከብ ላይ ከመጫኑ በፊት የሰው ጠባይ እንዲለምድ አንድ ዓመት ሰው ቤት ያድጋል። ይኼኛውን የልጅ ልጃቸው ወደ እሳቸው ቤት አመጣችው፤ ጡብ የሚያህል ሳጥን፣ ዓይኑ አንድ። ኮሽ ባለ ቁጥር ዓይኑን ስለሚያዞር ስሙን ቆቅ አሉት። እማማም እንደ ልጅ መከሩት። «ሳታይ አትርገጥ። ንፋስ ካለ አትውጣ። ካጠራጠረህ ይቅርብህ።»

«ይኸው ትንሽ ንፋስ አየና ይቅርብኝ አለ!» አለች መሐንዲሷ። «ሦስቴ ዞረ። ነዳጁ የሚበቃው ለአንድ ሙከራ ብቻ ነው። እኛን አልሰማም ብሏል።»

«ንፋሱስ? እውነቱን ንገሪኝ፣ ልጄ።»

«ከዚህ በባሰ ንፋስ አሥር መርከብ አውርጃለሁ።»

እማማ ማይኩን ያዙ።

«ቆቅ!»

«እምዬ! ምሳ በላሽ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

«ምሳዬን ተወው! ለምንድን ነው የማትወርደው?»

«ንፋስ አለ። ካጠራጠረህ ይቅርብህ ብለሽኛል።»

ከኋላው የልጅ ልጃቸው ድምፅ ገባ። «እምዬ፣ ራስሽን ነው እኮ ያሳደግሽው! በይ ቻይው!»

ሰባ ዓመት ሙሉ «ተጠንቀቅ» እንጂ «ሂድ» ብለው አያውቁም። ለዚችው ልጅ እንኳ፣ የተቀጠረች ዕለት፣ ያሏት «ቢቀርብሽስ?» ነበር። አሁን ውረድ ብለው አንድ ነገር ብትሆንስ? ዝም ብለው ነዳጁ ቢያልቅስ? ከሁለት ያጣ ሆኑ። መሐንዲሷ በጣቷ ሰዓቷን አሳየቻቸው።

«ስማኝ ቆቅ። የነገርኩህን ተወው፤ ያየኸውን ንገረኝ። በሩ መቆለፉን ሦስቴ አይቼ፣ ከዚያ ምን አደርግ ነበር?»

«ትሄጃለሽ።»

«ንፋስ ሲኖርስ?»

«ንፋሱን እየረገምሽ ትሄጃለሽ።»

«አንተስ ስንቴ ዞርክ?»

«ሦስቴ።»

«እንግዲያ በቃህ! እርገመውና ውረድ!»

ከዚያ «ይኼ የተረገመ ንፋስ!» የሚል ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ መርከቡም አፍንጫውን አዘቀዘቀ። ሺህ ሜትር! አምስት መቶ! እማማ በጣቶቻቸው መሃል እያጮለቁ የመሐንዲሷን እጅ ሊሰብሩት ደረሱ። ሃምሳ! አሥር! መርከቡ ሜዳው ላይ እንደ እንቁላል ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ። መሐንዲሷ እማማን ከመሬት አንሥታ አሽከረከረቻቸው። «አውርጂኝ፣ ትጥይኛለሽ!» እያሉ ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ። ወዲያው ግን ማይኩን ነጠቁ።

«ቆቅ! በሩን አትከፍትላትም እንዴ?»

«እሺ እምዬ። አየሩን አንዴ አየሁት፤ ሁለቴ ይቀረኛል።»