ማግ የሚያጠነጥነው ሞተር

ነጅሚያ ማብሪያውን ስትጫነው ሞተሩ አንዴ ተንፈራገጠና ቀጥ አለ። የመቆጣጠሪያው ቦርድ መብራትም አብሮ ጠፋ፤ ትንሽ ቆይቶ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሶ በራ። ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ነው የሚያሾፍባት። ትናንት እኮ አሳምሮ ሲዞር ነበር!

ማሽኑ ራሷ የገጣጠመችው ነው፤ ማጉን መወርወሪያ ውስጥ በሚገባው ቀጭን ሸምበቆ፣ በቀሰም ላይ ያጠነጥናል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን በእጃቸው ሲሠሩ የኖሩት እናቷ ፋጡማ ነበሩ፤ ዘንድሮ ግን አንጓቸው አብጦ እጃቸው አልታዘዝ አለ። ቀሰም ከሌለ ደግሞ ሸማኔ ምን ሊወረውር ነው? አባቷ አቶ ሙሄ ተስፋ ቆርጠው የሽመና ዕቃቸውን ለጎረቤታቸው ለሸማኔው ሱልጣን ሊሰጡ ቃል ገብተዋል። ዛሬ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ሊወስደው ይመጣል። ከኩዌት ከተመለሰች ወዲህ ጓዳ ውስጥ ሬዲዮና ቻርጀር የምትጠግነው ነጅሚያ ግን፣ ከዚያ በፊት ማሽኑ ይሠራል ብላ አፏን ሞልታ ተናግራለች።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ቦርዱን ነው። የሸጠላትን ነጋዴ ስትረግም ቆይታ በሞተር ብስክሌት ባትሪ ብትሞክረው አሳምሮ ሠራ። ነጋዴውን በልቧ ይቅርታ ጠይቃ ቴስተሯን አነሳች። ሳሎን ሶኬቱ ላይ ካለው አዳፕተር አሥራ ሁለት ቮልት ይወጣል። ቦርዱ ጋም አሥራ ሁለት ይደርሳል። ሞተሩ ሊነሳ ሲል ግን አዳፕተሩ ጋ ያለው ንቅንቅ ሳይል፣ ቦርዱ ጋ ያለው ወደ አምስት ወረደ።

"መንገድ ላይ የሚበላው አለ" አለች።

ከሳሎን ወደ ጓዳ የዘረጋችውን ሽቦ በጣቷ እየዳበሰች ተከተለችው። የጓዳው ደፍ ላይ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ አንድ ጉብታ ሞቅ አላት። እሷ አልሠራችውም። ስትልጠው ሳቋ መጣ። ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱ ተበጥሶ፣ ሸማኔ የተበጠሰ ድር በሚቀጥልበት በዚያ ጥብቅ ቋጠሮ ታስሯል። ቢጎትቱት አይፈታም። ላስቲኩ ግን በደንብ አልተላጠም፤ መዳቡ የተነካካው ለአመል ያህል ነው። ለቦርዱ መብራት ይበቃል፤ ለሞተሩ አይበቃም።

"አባየ፣ ይህን የቋጠሩት እርስዎ ነዎት?"

አቶ ሙሄ መሬት መሬት አዩ። "ለሱብሂ ስነሳ እግሬ ጠለፈው። እንዳልቀሰቅስሽ ብዬ ቀጠልኩት።"

"ሲነጋስ ለምን አልነገሩኝም?"

"አበላሸሁት ማለት አፈርኩ። እንዲሠራ ፈልጌ ነበራ።"

ነጅሚያ መቁረጫዋን አነሳች። ሽመና በቃኝ እያሉ እሷንና እናቷን ሲያስፈራሩ የሰነበቱት እኒህ ሰውዬ ናቸው! ቋጠሮውን ቆረጠች፤ ላስቲኩን ልጣ መዳቡን ከመዳብ ጋር ጠመዘዘችና ሊድ አቅልጣ በየደችው። ማብሪያውን ስትጫን ሞተሩ ሳያቅማማ ተነሳ። ፋጡማ በደህናው እጃቸው ማጉን ያዙለት፤ ቀሰሙ ይሞላ ጀመር።

ሱልጣን የማሰሪያ ገመድ በትከሻው ጥሎ ገባ። ማሽኑን ቆሞ አየና ምን ሆኖ እንደነበር ጠየቀ። ነጅሚያ የኃይል ማነስ ነው ብላ ልታልፈው ስትል አባቷ ቀደሟት።

"እኔ ነኝ ሽቦውን እንደ ድር የቋጠርኩት" አሉ።

ሱልጣን ሳቀ። "ታዲያ ዕቃውን ልፍታው፣ አባባ?"

አቶ ሙሄ የሞላውን ቀሰም ከልጃቸው ተቀብለው መወርወሪያው ውስጥ አስገቡ። እግራቸውን ወደ ሽመናው ጉድጓድ ሰደው ተቀመጡ።

"ቃሌን ስላጠፍኩ አፉ በለኝ" አሉት። "ዕቃውን አልሰጥህም። ማሽኑን ከፈለግህ ግን ለነጅሚያ ንገራት፤ ላንተም ትሠራልሃለች።"