ጎማ እዚህ ቤት አይገባም

ታይላንድ ውስጥ ሃትያይ ከተማ ያለው የኩን ታዊ (ኩን እዚያ ለወንድም ለሴትም የአክብሮት መጠሪያ ነው) የድለላ ቤት በወደፊት ውል፣ ማለትም ዛሬ ዋጋው ተቆርጦ ዕቃውን ኋላ በሚረከቡት ውል፣ ወርቅም የብር ማዕድንም ያገበያያል፤ ጥሬ ጎማ ግን አያስነካም። ዙሪያው ሁሉ የጎማ ዛፍ በሆነበት አገር ይህ ጤነኛ አያሰኝም።

የትኛው ውል ለደንበኛ ይከፈት የሚለውን የሚወስን ኮሚቴ አለ፤ ሦስት ሰው ሻይ ይጠጣና ኩን ታዊ ያሉትን ይወስናል። ለደንበኛ «የጎማ ገበያው ቀዝቃዛ ነው» ይባላል። እውነቱ ሌላ ነው። ከዓመታት በፊት ኩን ታዊ ራሳቸው ጎማ በውል ገዝተው፣ የመረከቢያው ቀን ሳይደርስ ውሉን መልሰው መሸጡን ረሱት። የገዙትን ተረከቡ ተባሉ። መጋዘን ስላልነበራቸው ጎማው ግቢያቸው ተራገፈ። የጥሬ ጎማ ሽታ እንኳን ሰው ውሻ ያሰድዳል። ሚስታቸው ኩን ማሊዋን «ሁለተኛ ጎማ ከነገድክ እኔ እናቴ ቤት ነኝ» አሉ፤ በዚያው ሕግ ሆነ።

የድለላ ሠራተኛዋን ዳራኒን ያስጨነቋት አጎት ቻሌዮ ናቸው፤ ትልቁ ደንበኛዋ፣ ሁሉም አጎት የሚላቸው ባለ ጎማ እርሻ።

«ልጄ፣ እኔ የማውቀው ጎማ፣ አንቺ የምታሻሽጪኝ ወርቅ። ዘንድሮ ካልከፈታችሁ ማዶ ያለው የድለላ ቤት እሄዳለሁ» አሏት።

ኩን ታዊ ደግሞ፣ አጎት ቻሌዮ ከሄዱ ወንበሯን ለሌላ እንደሚሰጡት ሳያለሳልሱ ነግረዋታል። ነገርን ከሥሩ ብላ ኩን ማሊዋን ዘንድ ሄደች።

ወይዘሮዋ ዳራኒ ተናግራ እስክትጨርስ ሰሙና ሳቁ።

«አንቺ ልጅ፣ ሽታውን እኮ በሳምንቱ ለምጄው ነበር።»

«ታዲያ ለምን ከለከሉ፣ እትዬ?»

«ያን ሁሉ ጎማ ማን የሸጠው ይመስልሻል? እኔ ነኝ። ትርፉ ጣመኝ። ማዶ ቤት ሂሳብ ከፍቼ ይኸው እስከ ዛሬ ጎማ እነግዳለሁ። እሱ ጎማ ከከፈተማ ያገር ሰው "ሚስትህ ማዶ ምን ትሠራለች" ይለዋል፣ ሂሳቤን ጎትቶ ያመጣል፣ ያለኝን ያያል። ባየ ማግስት ለወንድሙ ጀልባ ይገዛበታል።»

«እኔስ? እንጀራዬ እኮ ነው።»

ኩን ማሊዋን አሰብ አደረጉና ስልካቸውን አነሡ። «እንዲቀጥሩሽ ማዶ ቤት እነግርልሻለሁ። አጎት ቻሌዮን ይዘሽ ሂጂ። የኔንም ሂሳብ ያዢልኝ፤ አሁን የያዘው ልጅ አፉ አያርፍም።»

ዳራኒ ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ኩን ታዊ አሳዘኗት። ክፉ ሰው አልነበሩም።

ልትሰናበታቸው ቢሯቸው ስትገባ የምሳ ዕቃቸውን ከፍተው እየበሉ ነበር።

«አልተቀየምኩሽም፣ ልጄ» አሏት። «ግን ልምከርሽ። እዚያ ማዶ ቤት ጎማ የሚነግድ ሁሉ ሞኝ ነው። አንድ ቀን ባዶ ኪሱን ሲቀር ታያለሽ።»

«እሺ፣ ጌታዬ» አለች ዓይኗን ሰብራ።

ኩን ታዊ ሞኟ በማለዳ ተነሥታ የቋጠረችላቸውን የዓሣ ወጥ አጣጣሙ፤ ከዚያም ዛሬስ አሳምራዋለች ብለው ለዳራኒም አቀመሷት።