ገለፈቱ ያልታየ ክክ

የአዝመራውን እግር ምን ነካው?

እማማ ያለምወርቅ ይህን ጥያቄ ከቅበላ ጀምሮ ሲያገላብጡት ከርመው እነሆ የጾሙ አራተኛ እሑድ፣ መጻጉዕ፣ ደረሰ፤ መልስ ግን አላገኙለትም። ልጃቸው አዝመራው እንደ ወትሮው ማለዳ ይነሣል፤ ሞፈር ቀንበሩን ሊሸከም ይሞክራል፤ ጉልበቱ ይከዳዋል። ተረከዙ መሬት አልነካ ብሎት በጣቱ እየረገጠ፣ አንዱ እግር ከሌላው እየተጠላለፈ ይጎተታል።

መጀመሪያ ብርድ ነው አሉ። ቀጥሎ የሰው ዓይን ነው ብለው ሰባት ቀን ጠበል አስጠመቁት። ያም ሳይሆን ሲቀር፣ ዳዊት የደገሙ፣ ነገር የሚያውቁ ሴት ሆነው ሳለ፣ ምራታቸውን ወርቅአየሁን በክፉ ዓይን ማየት ጀመሩ።

«ምን አብልተሽብኝ ነው?» አሏት አንድ ቀን።

«እኔ ምን አባቴን አበላዋለሁ? ጓዳው የእርስዎ፣ ጭልፋው የእርስዎ። ሳልጠይቅዎ ጨው እንኳ ቆንጥሬ አላውቅም።»

እውነቷን ነው። የጓዳው ነገር የእማማ ነበር። በርበሬው በየትኛው ቅል፣ ተልባው በየትኛው ስልቻ፣ የኑጉ ዘይት ስንት ጣት እንደቀረው፣ ኮሰረቱና ጥቁር አዝሙዱ የት እንደተንጠለጠለ በጨለማም ቢሆን ዳብሰው ያውቁታል። ጾም በመጣ ቁጥር ጭንቅ ነው። «ለፋሲካ ያደርሰን ይሆን?» እያሉ ሲሰፍሩ፣ ሰፍረው ሲመልሱ ይውላሉ።

ዘንድሮማ ጭንቁ ባሰ። የመስከረም በረዶ የአገራቸውን የዘንገናን ባቄላ ከነአበባው አርግፎት፣ ለሽሮ የሚሆን እህል ከቤት ጠፋ። ስለዚህ ኅዳር ላይ አዲስ ቅዳም ገበያ ወርደው ክክ ገዙ። እናታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ «ገለፈቱን ሳታዪ ክክ አትግዢ፤ የተገፈፈ እህል የማን ዘር እንደሆነ አይታወቅም» ይሉ ነበር። የቤቱም ወግ ይኸው ነው፤ ጥሬውን ከነገለፈቱ ገዝቶ፣ አምሶ፣ በገዛ ወፍጮ መከካት። ያን ቀን ግን ሰማዩ ጠቁሯል፤ ትከሻቸውን ይወጋቸዋል። ሻጯም፣ «አተር ነው እናቴ፣ ተከክቶልዎታል፤ ምን ያለፋዎታል?» አለች። ሁለት ቁና አሰፍረው በአህያ ጫኑት።

ፈጭተው ሲያዩት ሽሮው ለሦስት ሰው የሚበቃ አይደለም። ታዲያ ቆርጠው ወሰኑ። እሳቸውና ወርቅአየሁ ድንች በተልባ፣ ካልሆነም የገብስ ቆሎ፤ ሽሮው ለአራሹ። በጾሙም በፍስኩም ጧትና ማታ ወፍራሙን እየጨለፉ ከፊቱ ይቀመጣሉ።

«እማ፣ ጠገብሁ እኮ!»

«ዝም ብለህ ብላ። በሬ የሚጠምድ ወንድ ጠገብሁ አይልም።»

በመጻጉዕ ማግስት ጨው ሊገዙ እንጅባራ ወጡ። ከቋጠሮው ግርጌ የቀረችውን አንድ እፍኝ ክክ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያዙ። ባለሱቋ ራሂማ የብዙ ዓመት ደንበኛቸው ናት፤ እስከ ፋሲካ የሚያደርስ ይህንኑ የመሰለ ክክ እንድትፈልግላቸው ነበር ሐሳባቸው።

ራሂማ ክኩን መዳፏ ላይ ዘርግታ ሳቀች። «ምነው እማማ፣ ሰው አለቀና ለበሬው ሽሮ ሊሠሩለት ነው?»

«አተር እኮ ነው፣ አንቺ!»

ራሂማ በጣቷ እየለየች ቆየችና ሳትከካ ያመለጠች አንዲት ፍሬ አነሣች፤ ግራጫ፣ ነጠብጣብ ያለባት፣ ባለ ማዕዘን።

«አተር ክብ ነው፤ ሽምብራ አፍንጫ አለው። ይቺን ይዩዋት፣ መጥረቢያ ነው የምትመስለው። ጓያ ነው እማማ። እናንተ ደጋ አይዘራም እንጂ…» ቀና ብላ ስታያቸው ሳቋ ጠፋ። «በልታችኋል እንዴ?»

«ጥቂት የበላ ምንም አይለውም አይደል?»

«ጥቂት ከሆነማ ምንም አይለውም። ወራት የበላው ነው እግሩ የሚሰበረው።»

«የተሰበረስ? ይድናል?»

ራሂማ ወደ ጨው ጆንያዋ ዞረች። ጨዉን ሰፈረችና ከላይ ሁለት እፍኝ መረቀችላቸው። እማማ ያለምወርቅ ከጨዉ ይልቅ ምርቃቱ ከበዳቸው።

መንገዱን ሁሉ ከራሳቸው ጋር ሲሟገቱ መጡ። ሽሮውን ወንዝ ብደፋውስ? ነቀዘ ብልስ? ማን ያውቃል? ዓይን ነው የተባለው ዓይን ሆኖ ይቅር።

ቤት ሲደርሱ አዝመራው ምሳውን ቀርቦለት፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሊያነሣ ነው። ዘለው ሳህኑን ነጠቁት።

«ተው! ነቅዟል!»

አዝመራው ወደ ሚስቱ ዞረ። «ሽሮ መያዝ እንኳ አቃተሽ? ዓይንሽ የት ነው? ወይስ አብልታዋለች እያሉ ሰዎች የሚያወሩት እውነት ነው?»

ወርቅአየሁ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እማማ ያለምወርቅ እሷን አዩ፣ ሳህኑን አዩ፣ በግድግዳው ተደግፎ የሚንቀጠቀጠውን የልጃቸውን ጉልበት አዩ።

«እሷን ተዋት» አሉ። «አልነቀዘም። ጓያ ነው። ገለፈቱን ሳላይ የገዛሁት እኔ ነኝ። ፈጭቼ የሠራሁትም፣ ጠገብሁ ስትለኝ የጨመርሁብህም እኔ ነኝ። ለእኛ ድንቹን አስቀርቼ…»



አዝመራው እግሩን ቁልቁል አየው፤ እንደ ሌላ ሰው እግር፣ ለረጅም ጊዜ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ፣ በሬ ሲነዳ ብቻ ይይዘው የነበረውን ዱላ ከማዕዘኑ አነሣና ተመረኮዘው። እናቱን አላያቸውም። ውጭው ይነፍሳል፤ «ጋቢህን ልበስ» የሚለው ቃል እስከ እማማ ያለምወርቅ አፍ ድረስ መጣና እዚያው ቀረ።

ዱላው መሬቱን መታ፤ ጣቱ አፈሩን ፋቀ። በሩ ላይ ጎንበስ አለና ወጣ።