መስከረም ዋኘች ያለው ሰዓት

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ። ድንጋዩ ገና አልሞቀም፤ ጋቢዬን አንጥፌዋለሁ፣ እሱ ላይ ተቀመጡ። አንቺም ከበሩ ላይ ተነሽና ወዲህ ነይ፣ እዚያ ነፋስ ይመታሻል። የልጄን ልጅ የመስከረምን የእጅ ሰዓት ነገር ላጫውታችሁ ነው። ሰዓቱ ጊዜ ሲናገርስ አይሳሳትም ነበር። የተሳሳተው በሌላው በሌላው ነው።

እኔ ምንዋጋው ነኝ። ትምህርቴ እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ነገር ግን መሬት ሲለካ አሥራ ሁለት ዓመት ገመድ ጎትቻለሁ። የሃምሳ ሜትር ገመድ ነው፤ አንዱን ጫፍ ባለሙያው ይይዛል፣ አንዱን እኔ። ገመድ ሲረግብ ይዋሻል። ሲርስ ይዋሻል። ባለ ድንበሩ በእግሩ ሲረግጠውማ በጣም ይዋሻል። ስለዚህ መለኪያ ሲዋሽ ሳይ አልደነግጥም።

መስከረምን ያሳደግናት እኔና ባለቤቴ ወርቅአገኘሁ ነን። እናቷ እዚሁ ዋግ፣ ዝቋላ ወረዳ ተድራ ነበር፤ ልጅቱ አምስት ዓመት ሲሆናት ሞተችብን። እኔ የዝቋላ ከተማ ጽጽቃ ድረስ በእግሬ ሄጄ ልጅቱን ይዤ ወደ ሰቆጣ ተመለስሁ። ላዝላት ነበር ሐሳቤ። እሷ አልታዘልም ብላ ከፊቴ ከፊቴ ሮጠች። እስካሁንም አልቆመችም።

ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በትምህርት ቤቶች ውድድር ስትሮጥ ዘመነ የሚባል አሠልጣኝ አያት። ከዚህ ሩቅ ባለ አንድ የሩጫ ክለብ ነው የሚያሠለጥን። በወልድያው አውቶቡስ ሰዓት ላከላት። ሰዓቱ የሮጠችውን መንገድ ከሳተላይት ተቀብሎ ይለካል፣ የልቧን ምት ከእጇ ይቆጥራል፣ ለስልኳ ይነግራል፤ ስልኳ ደግሞ ለዘመነ ይነግራል።

«አምስት ልጆች ናችሁ» አላት ዘመነ። «የምወስደው ሁለት ነው። የአምስት ሳምንት ሩጫችሁን አይቼ፣ በአምስተኛው ሳምንት ዓርብ ስም እጽፋለሁ። ሰዓቱን በግራ እጅሽ፣ ከአንጓው ከፍ አድርገሽ፣ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው።»

እንደታዘዘች አሰረችው። ይህቺን ያዙልኝ፤ እንመለስባታለን።

መጀመሪያ የተበላሸው ፍጥነቱ ነው። መስከረም ጠዋት ጠዋት የምትሮጠው ከቤታችን በታች ባለው ገደል፣ በወንዙ ዳር ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ዘመነ ደወለ።

«መስከረም፣ ረቡዕ ጠዋት ባጃጅ ተሳፍረሻል?»

«ኧረ ጋሼ! ባጃጅ እዚያ ገደል ውስጥ ምን ሊሠራ?»

«ሰዓቱ አንዱን ኪሎ ሜትር በሁለት ደቂቃ ከአሥር ሴኮንድ ሮጣለች ይላል። እንዲህ የሚሮጥ ሰው ገና አልተወለደም።»

«የሚቀጥለውንስ?»

«የሚቀጥለውን በአሥራ አምስት ደቂቃ። ከዚህስ አያትሽም ይፈጥናሉ።»

አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። እውነቱን ነው፤ እፈጥናለሁ።

ስልኩ የሮጠችበትን መንገድ በቀይ መስመር ያሳያል። መስመሩ ገደል ሲገባ እንደ ሰከረ ሰው ይሆናል። ወንዙን ተሻግሮ፣ አለቱን ቀጥ ብሎ ወጥቶ፣ በጎረቤታችን በወንዳወቅ ጣራ ላይ አልፎ፣ በጎመኑ መደብ መሀል ለመሀል ይመለሳል። ወንዳወቅ ይህን ሰማና መጣ።

«አያ ምንዋጋው፣ እኔ ጎመኔን ፍየል የፈጀው መስሎኝ ነበር እኮ።»

«መስከረም እዚያ ደርሳ አታውቅም።»

«ሳተላይት ያየውን አንቱ ይክዳሉ?»

«ሳተላይቱ በጣራህም ላይ ሮጣለች ይላል። ቆርቆሮው ጮኾ ነበር?»

ወንዳወቅ ወደ ጣራው ዞሮ አየ። «አልጮኸም» አለ። ጎመኑን ግን አልተወልንም።

ዘመነ ነገሩን አስረዳን። ገደል ውስጥ ሰማዩ ጠባብ ነው፤ ከሳተላይቱ የሚመጣው ምልክት ከአለት አለት እየነጠረ ሰዓቱን ያሳስተዋል። «ሰማይ በሰፊው በሚታይበት ሜዳ ላይ ትሩጥ» አለ። ሜዳ አለን፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ። ገመዴን ከተሰቀለበት አወረድሁና በደረቅ ቀን፣ ሳላረግብ፣ ሃያ ጊዜ ጎተትሁት። ጫፍና ጫፉ ላይ ነጭ ድንጋይ አቆምሁ። አንድ ሺህ ሜትር ልክ። ሰዓቱ አንድ ሺህ ስምንት አለ። ስምንት ሜትር በእኛ አገር ወንድምና ወንድምን ችሎት ያቆማል። ዘመነ «ለሩጫ ደህና ነው» አለ። እኔም ገመዴን ጠቀለልሁ። ትክክሉ ግን የእኔ ነው።

በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ዘመነ ለእሷ አልደወለም። ለእኔ ደወለ። ድምፁ ዝግ ብሏል።

«አባቴ፣ ልጅቱ ስትሮጥ ወድቃ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ደረቴን ብላ ታውቃለች?»

«ራበኝ ነው የምትል።»

«በቀስታ ስትሮጥ ልቧ በደቂቃ ሁለት መቶ አራት ይመታል። ስትፈጥን ወደ ስድሳ አንድ ይወርዳል። ከዚያ ይጠፋል።»

«ምኑ ነው የሚጠፋ?»

«ልቧ።»

መስከረም ደጅ ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር። ዞር ብዬ አየኋት፤ በሕይወት አለች።

«አባቴ፣ እኔ የሰው ልጅ ወስጄ ሜዳ ላይ እንድትወድቅብኝ አልፈልግም» አለ። «እስከ ዓርብ ካልጠራልኝ ስሟን አልጽፍም።» አልተቆጣሁትም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አልጽፍም።

ሰኞ ሐኪም ቤት ወሰድኋት። ደረቷ ላይ ሽቦ ለጣጠፉባት፤ ማሽኑ ወረቀት ላይ ጋራና ሸለቆ ሣለ። ሐኪሙ «ይህ ልብ ለሁለት ሰው ይበቃል» አለን። ለዘመነ ስነግረው «ተኝታ ነው ያዩዋት፤ እኔ የምፈራው ስትሮጥ ነው» አለ።

መስከረም ስትሮጥ ስለ ልቧ አስባ አታውቅም ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ግን ከነጭ ድንጋይ እስከ ነጭ ድንጋይ ሦስት ጊዜ ቆማ አንገቷን ዳሰሰች። ከሜዳው ስንወርድ ከፊቴ አልሮጠችም፤ ከጎኔ ሄደች።

«አባባ» አለችኝ፣ «እውነት ልቤ ይጠፋል እንዴ?»

«ሲጠፋ ሰምተሽው ታውቂያለሽ?» አልኋት።

«አሁን ሳደምጠው ሁሉ የጠፋ ይመስለኛል።»

ወርቅአገኘሁ ይህን ሰምታ ሰዓቱን ትክ ብላ አየችው። «ይኼ ነገር የተቀመጠው መስቀሏ ላይ ነው» አለች።

እውነት ነው። መስከረም በግራ እጇ፣ ከአንጓው ከፍ ብሎ፣ መስቀል ተነቅሳለች። የነቀሰቻት ወርቅአገኘሁ ራሷ ናት፤ በመርፌና በጥላሸት፣ እናቷ በሞተች በወሩ። «ይችን እንኳ አትውሰድብኝ» እያለች ነው የነቀሰቻት። ወርቅአገኘሁ ስትፈራ እጇ ይከብዳል። መስቀሉም ወፍራምና ጥቁር ሆኖ ወጣ።

«ርኩስ መንፈስ አለበት» አለች። «መስቀል ላይ ሲያስቀምጡት የሚለፈልፈው ለዚያ ነው።»

የነፍስ አባታችንን ቄስ ገብረ ሊባኖስን ጠራን። ሰዓቱን ገለባብጠው አዩት።

«አባ፣ ሰይጣን ነው?» አለች ወርቅአገኘሁ።

«አይመስለኝም» አሉ። «ሰይጣን ቢሆን በትክክል ይቆጥር ነበር። የሰው ነገር ሲቆጥር ተሳስቶ አያውቅም።»

«ለማንኛውም ጠበል ይርጩበት።»

«ለማንኛውም» አሉና ረጩበት።

ሰዓቱ ጠበሉ ሲነካው ጢጥ ጢጥ አለ። ብዙም ሳይቆይ ዘመነ ደወለ።

«መስከረም፣ ዛሬ የት ነው የዋኘሽው?»

«ምን?»

«ሰዓቱ ዋና ይላል። አራት ደቂቃ ዋኝተሻል።»

በዚያ ዓመት ዝናብ ጠፍቶ፣ ወንዙም ደርቆ፣ እኛ ሰፈር ውኃ በጀሪካን ወረፋ ነበር የሚቀዳ። «ጋሼ» አለችው መስከረም፣ «ውኃው የት እንዳለ ከነገረዎት ይንገሩን።»

ረቡዕ ጠዋት ስለ ገመዴ አሰብሁ። ቁጥር አልገጥም ሲል ባለሙያው የሚናገራት አንዲት ነገር ነበረች፤ «መሬቱን አትውቀስ፤ ገመዱን ሌላ መሬት ላይ ዘርጋው» ይለኝ ነበር። ሰዓቱን በራሴ እጅ አሰርሁት። ሰባ ሁለት አለ። ቄሱ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጎራ ብለው ነበርና አሰርንላቸው፤ ስድሳ ስምንት። ወንዳወቅ ጎመኑን ሊያስታውሰን መጣ፤ ለእሱም አሰርንለት። ዘጠና አንድ። ስለ ጎመኑ ማውራት ሲጀምር መቶ አምስት ገባ። እዚህ ድረስ ምንም ስሕተት አላየሁበትም።

ቀጥሎ ለወርቅአገኘሁ አሰርሁላት። ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች። የወርቅአገኘሁ ሁለቱም ክንዶቿ እስከ ክርን የተነቀሱ ናቸው፤ በእኛ ጊዜ የቆንጆ ወግ እንዲያ ነበር። ሰዓቱ መቶ ዘጠና ስድስት አለ። ቀጥሎ ሠላሳ ስምንት አለ። ቀጥሎ ሁለት ሰረዝ አሳየ።

«ምን አለ?» አለች።

«ጠፍተሻል።»

«ሞቻለሁ?»

«እንደ ሰዓቱ።»

«እንግዲያው ምስሩን ልጨርስ» አለች።

ሰዓቱን ፈትቼ ገለበጥሁት። ከሆዱ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል። መስከረም እንደነገረችኝ፣ መብራቱ በቆዳ ውስጥ ገብቶ ደም ሲያልፍ እያየ ነው ምቱን የሚቆጥር። ታዲያ ጥላሸት በተለቀለቀ መስኮት ማን ያያል? አላየሁም ብሎ ዝም ቢል መልካም ነበር። እሱ ግን ይገምታል። ድንበር ሲዳኝ እንዲህ የሚያደርግ ሽማግሌ አውቃለሁ፤ ነፍሱን ይማር።

ይህን ስናገር ወርቅአገኘሁ ምስሩን አስቀመጠች። በኽምጣኛ፣ በዋግ ቋንቋችን፣ አንድ ነገር አለች፤ ስታዝን የምትናገረው በኽምጣኛ ነው። ከዚያ በአማርኛ፦ «እኔ ነኛ ያጠፋሁባት። እንድትተርፍልኝ ብዬ በገዛ እጄ። ይፋቅ ይሆን? ከተማ ይፍቁታል ይላሉ።» እንባዋ ምስሩ ላይ ወረደ።

መስከረም ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እምዬ።»

«ምን።»

«ቀኝ እጅም አለኝ እኮ።»

ሁላችንም ቀኝ እጇን አየነው። ምንም ያልተነቀሰ ደህና እጅ ነበር። ከአራት ሳምንት በላይ እዚያው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሰዓቱን በቀኝ እጇ አስራ ሜዳው ላይ ሮጠች። አንድም ጊዜ አልቆመችም። ከነጩ ድንጋይ ስትደርስ ቄስ ገብረ ሊባኖስ ሁለት ጣታቸውን አንገቷ ላይ አድርገው፣ በሌላው እጃቸው መቁጠሪያቸውን ሳቡ፤ ጣታቸው በኪራላይሶን የሠለጠነ ነው። እኔ ሩብ ደቂቃ ያዝሁላቸው። የመቁጠሪያው አርባ አንድ ፍሬ አልቆ አንድ ምት ተረፈ። በደቂቃ መቶ ስድሳ ስምንት ማለት ነው። ሰዓቱ መቶ ሰባ ይላል። ሁለቷን ለቄሱ ዕድሜ ተውንላቸው።

ዓርብ ጠዋት ዘመነ ደወለ። «ልቧ ተመለሰ! ምን አደረጋችሁ?»

ወርቅአገኘሁ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። «አንተ ልጅ፣ ሰው እጁ ሁለት ነው» አለችና የመስቀሉን ነገር ነገረችው። ወዲያ በኩል ወረቀት ሲገላብጥ ተሰማን።

«እናቴ» አለ ኋላ፣ «ከዝቋላ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ዮርዳኖስ ትባላለች። ከሁሉም ፈጣኗ እሷ ነበረች። ልቧ እየጠፋ ቢያስቸግረኝ ባለፈው ሳምንት ስሟን ሰረዝሁት።»

«እጇን አይተህ ነበር?»

«አላየሁም።»

እኔ ወርቅአገኘሁን በዓይኔ ጠቀስሁ። የሚወሰዱት ሁለት ናቸው፤ ፈጣን ልጅ ብትመለስ ለእኛዋ ቦታ ይጠባል። ወርቅአገኘሁ አየችኝ። ያየችኝ አስተያየት እስካሁን ይታየኛል።

«ደውልላት» አለችው።

ዮርዳኖስም ግራ እጇ ላይ ተነቅሳ ኖሮ፣ ስም መጻፉ በአንድ ሳምንት ተራዘመ። ያን ሳምንት እቤታችን ሁሉም ስልኩን ሲያይ ከረመ። ወንዳወቅ እንኳ ጎመኑን አላነሣም። በሁለተኛው ዓርብ ስሙ መጣ። አንደኛ ዮርዳኖስ። ሁለተኛ መስከረም።

አውቶቡስ ተራ ስንሸኛት ወርቅአገኘሁ ግራ እጇን ይዛ መስቀሉን ሳመችው። ሰዓቱ በቀኝ እጇ ነበር። መስከረም ወንበር እስኪደርሳት አልጠበቀችም፤ ከፊታችን ሮጣ ገባች።

አሁን ዘመነ አዲስ ልጅ ስትመጣለት ሰዓት ከመስጠቱ በፊት «ሁለቱንም እጅሽን አሳይኝ» ይላል አሉ። ጥሩ አድርጓል። ከማን እንደተማረው ግን ለማንም አይናገር ይሆናል፤ እኔም እያረጀሁ ነው፣ ስም ይጠፋኛል። እናንተ ልጆች ናችሁ። መስቀሉን የነቀሰችው ወርቅአገኘሁ ናት። «ደውልላት» ያለችውም እሷው ናት። ይህቺን ብቻ አስታውሱልኝ፣ የኔ ልጆች።