ከኋላ ያለው ፊት

ልጆቼ፣ ሁለቱን ወንድሞቼን የምታውቋቸው ካረጁ በኋላ ነው። ፊታቸው ምን ሆኖ እንደዚያ እንደሆነ ስትጠይቁኝ ወሬ እየቀየርኩ አልፌያችኋለሁ። አሁን ልጻፍላችሁ። ደስ የሚል ነገር አይደለም፤ ከከበዳችሁ አረፍ እያላችሁ አንብቡት።

ብር አንጥረኞች ነበሩ። ሱቁ የአባታችን ነው፤ ጠባብ፣ ጣሪያው በጢስ የጠቆረ። ከበሩ በስተግራ ምድጃና ወናፍ፣ በስተቀኝ የሥራ ጠረጴዛ፣ ከመስኮቱ ሥር ዝቅ ባለ መደርደሪያ ላይ ደግሞ በሸክላ ሳህን የተቀመጠ አሲድ ነበር። አባታችን ሲሞት ሱቁም ማኅተሙም ለታላቁ ሆነ። ማኅተም የምላችሁ ተሠርቶ ያለቀ ዕቃ ጀርባው ላይ የምትመታዋን ትንሽ ምልክት ነው። ታናሹ የሚሠራውም ሁሉ በታላቁ ማኅተም ይወጣ ነበር። የታናሹ እጅ ደግሞ እጅ ነበር። ደንበኛ ቀለበቱን ጣቱ ላይ አጥልቆ እያገላበጠ ታላቁን ሲያመሰግን፣ ታናሹ ወናፉን እየነፋ ከጀርባ ይሰማል።

ልጅ ሳለ ታላቁን እግር በእግር ስለሚከተለው ታላቁ "ጭራ" ብሎ ስም አወጣለት። ያኔ በፍቅር ነበር። ጢሙ ወጥቶ ሙሉ ሰው ከሆነ በኋላም ግን፣ ሰው ፊት ሳይቀር፣ "ጭራ፣ ከሰል ጨምር" ይለዋል። እሱም ጥርሱን ነክሶ ይጨምራል። እኔ መካከለኛዋ ነኝ። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ስለምኖር ሁሉም ነገር ጆሮዬ ይገባል።

አንድ ቀን ታላቁ ገበያ በሄደበት ታናሹ ከአንዲት ሴት ስባሪ ብር ገዛ። የተሰበረ አምባር፣ የጎደለ ጉትቻ፣ በመካከሉ አንዲት የጥንት ሳንቲም። የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች፤ ዳርዳሯን አረንጓዴ ዝገት ይዟታል። በአንድ በኩል ሁለት ራስ ነበራት። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ። የፊተኛው ሙሉ ነው፤ ጆሮው፣ የፀጉሩ ጥቅል፣ አንገቱ ሳይቀር። የኋለኛው በፊተኛው ተጋርዶ ግንባሩ፣ አፍንጫው፣ ከንፈሩና አገጩ ብቻ በጠርዙ ብቅ ብሏል። ጎረቤታችን የታሪክ አስተማሪ አጉሊ መነጽሩን ይዞ መጣና አየ። አብረው የነገሡ ሁለት ሰዎች መሆን አለባቸው፣ ወንድማማቾችም ሊሆኑ ይችላሉ አለ። ሁለተኛው ፊት እንዲህ ጥርት ብሎ ከታየ ሰብሳቢዎች ብዙ ገንዘብ ለመክፈል ዓይናቸውን አያሹም፤ እስከዚያው ግን አትጠቡት፣ አትፈትጉት ብሎ ሄደ።

ታናሹ ያን ዕለት ክፍሌ ገብቶ የተቀመጠው አቀማመጥ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ይቺን ሸጦ የራሱን ሱቅ ሊከፍት፣ የራሱን ማኅተም ሊያሠራ ነበር። ማኅተሙን እንኳን ሥሎታል። ሌላ ምንም አይደለም፤ ያ ከኋላ ብቅ ያለው አፍንጫና አገጭ ነው።

"እትዬ፣ ይሄ እኔ ነኝ" አለኝ።

አሁን ስሕተቱን ስሙ። በሱቃችን የመዳብ ሳህን ነበረች። የተገዛ ስባሪ ሁሉ እዚያ ላይ ይቀመጣል፤ እዚያ ላይ የተቀመጠ ነገር ደግሞ ሳይጠየቅ እሳት ይገባል፣ ከእሳት ደግሞ እድፉ እንዲለቅ ወደ አሲድ። የአባታችን ደንብ ነው። ሁለቱም ከልጅነታቸው በዚህ ስላደጉ እጃቸው ራሳቸውን አይጠይቅም። ታናሹ አንድ ያለቀ ሥራ ለደንበኛ ሊያደርስ ተጠራና፣ ሲወጣ ሳንቲሙን እጁ እንደለመደው የመዳብ ሳህኗ ላይ አስቀመጠው። ታላቁ ከገበያ ገባ፣ ምድጃውን አቀጣጠለ፣ እጁ እንደለመደው ሳንቲሙን በጉጠት አንሥቶ እሳት ውስጥ ከተተው። እስኪቀላ ጠበቀ፤ አሲድ ውስጥ ነከረው።

ሳንቲሙ ግን ብርነቱ ቆዳው ብቻ ነበር። ውስጡ መዳብ ነው። ቆዳው እንደ ተቃጠለ ሰው ቆዳ አብጦ አብጦ ተላጠ። የኋለኛው ፊት ከነከንፈሩ ሄደ። የፊተኛው ጆሮና ፀጉር ቀረ።

ታናሹ ሲመለስ እኔ በጓሮ በኩል ካለው በር ላይ ልብስ እያጠብኩ ነበር። ሳንቲሙን ከጠረጴዛው ላይ አነሣው። ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ጋሼ፣ ምን አደረግክ?" አለ።

ታላቁ አላወቅሁም ቢል ኖሮ ያልፍ ነበር ይመስለኛል። እሱ ግን ሳንቲሙን ከእጁ ወስዶ ወደ ብርሃን ዞሮ አየውና ሳቀ።

"ከኋላ ያለው ጠፋ" አለ። "ድሮስ ነበረ እንዴ?"

መዶሻው ሲነሣ አላየሁም። ሲያርፍ ነው የሰማሁት። የታላቁ የትከሻ አጥንት እንደ ደረቅ እንጨት ቀው አለ። በዚያው ቅጽበት ታላቁ በደህናው እጁ ምድጃው ላይ የነበረውን ጉጠት አንሥቶ የታናሹን አፍ መታው። ጥርስ ወለሉ ላይ ሲንከባለል አየሁ። መካከላቸው ገባሁ። ማን እንደሆነ እንጃ፣ አንዱ በክርኑ ደረቴን ብሎ ከግድግዳው ጋር አላተመኝ፤ ትንፋሽ አጥቼ ተቀመጥኩ። ስነሣ ታላቁ በታናሹ ደረት ላይ በጉልበቱ ቆሟል። ፀጉሩን ጨምድዶ ይዞ ጭንቅላቱን ከሲሚንቶው ጋር ያጋጨዋል፤ ባጋጨው ቁጥር "ጭራ" ይላል። ጮሆ አይደለም። ምስማር የሚመታ ሰው እንደሚለው ነው።

የታናሹ እጅ መደርደሪያውን ሲዳብስ አየሁ። የአሲዱን ሳህን አገኛት። አሲዱ ገና ሙቀቱ አልወጣለትም ነበር። ወደ ላይ ደፋው።

ታላቁ መጀመሪያ አልጮኸም። ዓይኖቹን በእጁ ሸፈነ፣ በጣቶቹ መካከል ጢስ የመሰለ ነገር ወጣ። ከዚያ ጎንበስ አለና ታናሹን አንገቱን ጨብጦ ወደ ራሱ ሳበው፤ ጉንጩን ከጉንጩ አጣበቀና ፈተገው፣ ፈተገው።

"ና፣ አብረን" አለው።

ያኔ ሁለቱም ጮኹ። የልብስ ማጠቢያዬን ባልዲ አንሥቼ ደፋሁባቸው፣ ሮጬ ደግሞ ቀዳሁ። ስመለስ ታናሹ አምልጦ ፊቱን ይዞ በመንገዱ ሲሮጥ ጀርባውን ብቻ አየሁ። ታላቁ ላይ ውኃ ሳፈስ ጎረቤት መጣ፣ መኪና መጣ። ሆስፒታል ደረስን። ዓይኖቹ ግን አልተረፉም።

ፖሊስ መጥቶ ሲጠይቀው ሳህኑ ተደፍቶብኝ ነው አለ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ይቅር ያለው መስሎኝ ነበር፣ የዋህ ነኝ።

ቤት ከገባን በኋላ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ መቅረጫውን ይስል ጀመር። መቅረጫ ብር ላይ ጌጥ የሚጫርበት፣ ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ ብረት ነው። በድንጋይ ይስላል፣ በጥፍሩ ይሞክራል፣ እንደገና ይስላል።

"ጭራ መምጣቱ አይቀርም" አለኝ። "ሲመጣ እዚህ አጠገቤ አስቀምጪልኝ።"

መቅረጫውን ደበቅሁበት። ሌላ አወጣ፤ የእያንዳንዱን ዕቃ ቦታ ያለ ዓይንም ያውቀዋል። የታናሹን ነገር ላነሣ ስል በጣቱ ጆሮውን ይደፍናል። ታናሹ እንዴት እንደ ሆነ እኔም ቢሆን አላውቅም ነበር። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ያ ብረት ሥራውን ከሠራ አንዱ ወንድሜ መቃብር፣ አንዱ እስር ቤት ይገባል፤ ከእናት ልጅ ብቻዬን እቀራለሁ። ያንን እያሰብኩ በር በሩን ሳይ ከረምኩ።

በጠራራ ፀሐይ መጣ። ራሱንና ግማሽ ፊቱን በጨርቅ ጠቅልሏል፣ ከስቷል። በሩ ላይ ደረቱን ይዤ ገፋሁት። ታላቁ በቀኝ እጁ መቅረጫ ይዟል፣ ሂድልኝ ብዬ በጆሮው ነገርኩት።

"አውቃለሁ፣ እትዬ" አለኝ። "እሱን እኮ ካንቺ በላይ አውቀዋለሁ።"

እጄን ከደረቱ ላይ አነሣና ገባ። ወናፍ ሲነፋ የሚቀመጥባት በርጩማ ነበረች። እሷን ሳበና ከታላቁ ጉልበት አጠገብ ተቀመጠ። ታላቁ ኮቴውን ለይቶታል፤ መሳሉን አቁሟል።

"ቀረብ በል።"

ቀረበ። ታላቁ በግራ እጁ ፀጉሩን ጨመደደ፣ በቀኙ መቅረጫውን ከጆሮው ሥር ሰካው። ደሙ በአንገቱ ወርዶ ኮሌታውን ሲያርሰው አየሁ። ክንዱ ላይ ተንጠለጠልኩ፤ አራገፈኝ። እንደገና ተንጠለጠልኩ። ታናሹ እጁን ከጭኑ ላይ አላነሣም።

የደም ሥሩን አላገኘውም ነበር። ሊፈልገው ግራ እጁን ከፀጉሩ ላይ ወደታች አወረደ። ጨርቁ ተፈታ። ጣቶቹ ጉንጩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የጆሮው ጫፍ የለም። ጉንጩ ተልጦ፣ ጎድጉዶ፣ አብጦ፣ ያቺን ሳንቲም ሆኗል። ታላቁ ብረት እንደሚመረምር ሰው ከግንባሩ ጀመረ፤ የዓይኑን ጥግ፣ ጉንጩን፣ የከንፈሩን ዳር በአውራ ጣቱ ሄደበት። ተመልሶ እንደገና ሄደበት።

"ይሄን ማን አደረገህ?"

"አንተ።"

ታላቁ አውራ ጣቱን ወደ ታናሹ ዓይን ሽፋን አወጣ።

"ዓይንህስ?"

"አንዱ ያያል።"

"እና ለሁለታችን ይበቃል ብለህ ነው የመጣኸው?"

"ሌላ የት ልሂድ" አለ ታናሹ። ደሙ እየወረደ ነው። "ቶሎ በል እንግዲህ፤ ወይ ግፋው ወይ ንቀለው።"

የታላቁን ጣቶች ከመቅረጫው ላይ አንድ በአንድ አላቀቅኩ። የመጨረሻዋን ራሱ ለቀቃት። ሻሼን አውልቄ የታናሹን አንገት አሰርኩ፤ ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰውን ደም ስጠርግ ታላቁ እጁን ከዚያ ጉንጭ ላይ አላነሣም ነበር።

ይቅርታ ሲባባሉ አልሰማሁም፤ እናንተም አትጠይቋቸው። ታናሹ ወናፉን ትቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፣ ታላቁ ወደ ወናፉ ሄደ። ያቺን ያገጭና ያፍንጫ ማኅተም ታናሹ ሠራት። ሳንቲሙ እኔ ጋር ነው። ከኋላ ያለው ሰውዬ ፊት የለውም፤ ጠርዟ ላይ ያገጩ ጫፍ ብቻ ቀርታለች፣ ዓይናችሁን ካጠበባችሁ ታያላችሁ።

ወደ ገበያ ሲሄዱ ታናሹ ከፊት፣ ታላቁ ትከሻውን ይዞ ከኋላ ነው። ታላቁ አፉ አሁንም አላረፈም።

"ጭራ፣ ቀስ በል" ይላል።

"ጭራው አሁን ማን ሆነና" ይላል ታናሹ ሳይዞር።

ታላቁ ከትከሻው ላይ አውራ ጣቱን ከፍ አድርጎ ከጆሮው ሥር ያለችውን ጠባሳ እየዳበሰ ይሄዳል። ታናሹ እጅህን አንሣ አይለውም። ብርድ ሲሆን ብቻ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ "ቀስ፣ እሷ ትቆረቁረኛለች" ይለዋል።